ጽጌረዳውን የበላው

ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከአዋሽ አርባ ተመልሼ የባቡር ጣቢያውን የአትክልት ቦታ በር ስከፍት የሌላ ሰው ግቢ የገባሁ መሰለኝ። ከሁለት ቀን በፊት ትቻቸው የሄድኩት ሃያ ሁለት የጽጌረዳ ግንዶች ቀይም፣ ነጭም፣ ሮዝም አበባ ተሸክመው ነበር። አሁን አንድም ደህና አበባ አልቀረም። ሁሉም ተቦጫጭቀዋል። መሐላቸው ተቦርቡሮ ባዶ ሆኗል። መሬት ላይ የወደቀው ቀይ ብጥስጣሽ ከሩቅ ሲያዩት ዶሮ የታረደበት ይመስል ነበር።

የያዝኩት ዘንቢል ከእጄ ወደቀ። ሳላውቀው ጮኼ ኖሮ ከአጥሩ ማዶ ለመንገደኛ ሻይ የምትሸጠው የዓለምወርቅ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

«ምነው ጉልላት? እባብ ነው?»

«አበባው» አልኳት።

«ውይ! ውይ በሞትኩት! ማነው እንዲህ የላጨው?»

 ከግንዶቹ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አበባው የኔ አልነበረም፤ የመስከረም ሁለት ነበር። በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ስድስተኛው የአብዮት በዓል ሲከበር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በባቡር የሚያልፉ ሠላሳ ሁለት እንግዶች አዋሽ ላይ ወርደው ምሳ እንዲበሉ ታቅዶ ነበር። የበዓሉ ኮሚቴ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጽጌረዳ እንዲሰጥ ወሰነ። አትክልተኛው እኔ ስለሆንኩ አደራው ለእኔ ሆነ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ምንም አደራ ሰጥቶኝ አያውቅም። በአዋሽ ሙቀት ጽጌረዳ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ጠዋትና ማታ ከውኃው ታንከር በባልዲ እያመላለስኩ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ፍግ እያከማቸሁ ሦስት ዓመት የደከምኩባቸው ናቸው። የተበሉት አበቦች እስከ በዓሉ እንደማይቆዩ አውቃለሁ። ያስደነገጠኝ ከሥራቸው ያሉት እምቡጦች ናቸው። ለበዓሉ የሚፈነዱት እነሱ ነበሩ፤ ይህን የበላ ነገር እነሱንም አይተዋቸውም።

የዓለምወርቅ ማንቆርቆሪያዋን መሬት ላይ ትታ የኮሚቴውን ሊቀመንበር ጓድ አማንን ጠርታ መጣች። ጓድ አማን ቀድሞ የጣቢያው ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ሰውን ሲያይም የተሰበረ ሣጥን እንደሚመረምር አድርጎ ነው የሚያየው። አበቦቹን አየ። ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ግንድ ሥር አንድ ጥቁር፣ ክብ፣ ደረቅ ነገር አነሣና በሁለት ጣቱ ይዞ አፍንጫዬ ሥር አቀረበው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«በጠጥ ነው፣ ጓድ።»

«የምን በጠጥ?»

«የፍየል።»

«ተናገርክ! ራስህ ተናገርክ! ፍየል ነው የበላው፣ አይደለም?»

በጠጡን እዚያ የበተንኩት እኔ ነበርኩ። አፈሩን እንዲያለማልኝ ብዬ በየሳምንቱ ከክምሩ እያወጣሁ ከግንዶቹ ሥር እበትናለሁ። ይህን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «አንተ የት ነበርክ?» ብሎ እንደሆነ ታወቀኝ። እኔ ደግሞ አገሬ የምትባለው እህቴ አዋሽ አርባ ላይ ወልዳ፣ ሳላስፈቅድ ሁለት ቀን እሷ ዘንድ ሰንብቻለሁ።

«ይመስላል» አልኩ።

«ይመስላል ነው ወይስ ነው?»

«ነው።»

«የሀምዳ ፍየሎች ናቸዋ!» አለች የዓለምወርቅ። «በየጠዋቱ በዚህ አይደል የምትነዳቸው? ከነሱ ሌላ ማን አለ!»

ጓድ አማን በጠጡን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተውና ሄደ።

ሀምዳ የአፋር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ባቡር ሲመጣ ለመንገደኞች ወተት እየሸጠች ነው። ያሏት ፍየሎች ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ሌላ ሀብት የላትም። ጠዋት ጠዋት ከታንከሩ የሚፈሰውን ውኃ ልታጠጣቸው በአትክልቱ አጥር ሥር ታልፋለች። ፍግ የምትሰጠኝም እሷ ናት። በረቷን ስትጠርግ በጠጡን በጆንያ ሞልታ ታመጣልኛለች። ምንም ተቀብላኝ አታውቅም።

እኔ የጠበቅኩት ተቆጥተዋት፣ ምናልባትም አስፈርመዋት እንዲተዋት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ግን ከጥቅም ውጭ በሆነው ሐዲድ ላይ ከቆመው አሮጌ የዕቃ ፉርጎ ውስጥ የፍየል ጩኸት ሰማሁ። በሩ ስንዝር ያህል ብቻ ተከፍቶ በሰንሰለት ታስሯል። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሀምዳ ከእነሱ ዐሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች። እንዳትጠጋ ከልክለዋታል።

«ምን ሊያደርጓቸው ነው?» ብዬ የዓለምወርቅን ጠየቅኳት።

«አልሰማህም? ለመስከረም ሁለት ሊታረዱ ነው። የአብዮቱን አበባ ስለበሉ እንግዶቹ እነሱን ይበሏቸዋል፤ ጓድ አማን ነው እንዲህ ያለው።» ልትስቅ ሞከረችና ተወችው። «እኔስ በበትር የሚያባርሯቸው መስሎኝ ነው የተናገርኩት። ወላሂ አልኩህ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።» የዓለምወርቅ ክርስቲያን ናት፤ ስትደነግጥ ግን እንደ ጎረቤቶቿ ትምላለች።

ሀምዳ አየችኝና ወደ እኔ መጣች።

«ጉልላት፣ አንተ ነህ አሉ ያየኸው።»

ጫማዬን አየሁ።

«የቷ ናት የበላችው?» አለች። «ንገረኝ። ነጯ ናት? ጆሮ ቆራጣዋ ናት? አንዷ ከሆነች እሷን ይረዱ። ዐሥራ አንዱም በልተዋል አልክ?»

 ውኃ ልቀዳ እንደሚሄድ ሰው ባልዲ አንሥቼ ሸሸሁ። ታንከሩ ዘንድ ደርሼ ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ቧንቧውን መዝጋት ረሳሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና አንድ ሽማግሌ አውርዶ ሄደ። የሀምዳ አጎት ጣሃ ነበሩ። ከአዳይቱ ነው የመጡት፤ አዳይቱ ከአዋሽ በመኪና የቀን መንገድ ናት። አሁንም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ፣ ወሬው እዚያ ደርሶ እሳቸው እስኪመጡ ሁለት ቀን አለመሙላቱ ነው።

ጣሃ ሊቀመንበሩ ዘንድ አልሄዱም። ቀጥታ ወደ አትክልቱ መጥተው ሰላምታ ሰጡኝና ከግራሩ ሥር ተቀመጡ፤ እኔንም አስቀመጡኝ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ያዩትን አየሁ፣ የሰሙትን ሰማሁ ብለው ለይተው ይነጋገራሉ፤ የሰማም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። አዋሽ ተወልጄ ስላደግኩ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ። አንድ ቀን ግን እኔ ተቀምጬ እጠየቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እኔ ያየሁትን ልንገርህ» አሉ። «መንገዱ ሰላም ነው። ገዋኔ ላይ ዝናብ አይቻለሁ። የሰማሁትን ደግሞ ልንገርህ። አዳይቱ ላይ የመኪና ረዳት ነገረኝ፤ እሱ ከሌላ ረዳት ሰማ። በአዋሽ የወልደገብርኤል ልጅ ጉልላት የሚባል አትክልተኛ፣ የሀምዳ ፍየሎች አበባ ሲበሉ አየ ተባለ። ይህን ሰማሁ። አሁን አንተ ተራህ ነው። መጀመሪያ በዓይንህ ያየኸውን።»

ከአዋሽ አርባ አልፌ አላውቅም። ስሜ ግን፣ የሞተው አባቴም ስም ሳይቀር፣ አዳይቱ ደርሷል። 

«አበባው ተበልቶ አየሁ» አልኩ።

«እሺ።»

«ከሥሩ በጠጥ አየሁ።»

«እሺ። ፍየልስ?»

 ከፉርጎው ያንዲት ፍየል ድምፅ መጣ።

«ፍየል አላየሁም።»

ጣሃ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በትራቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«በጠጡን ማን አመጣው?»

«እኔ።»

«ልጄ፣ እኔ ነገ እመለሳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በመንገዴ የማገኘው ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ስለ አንተ የምነግረው ነገር አሁን የለኝም። ሂድና እይ። ያየኸውን ንገረኝ።»

ነሐሴ ሠላሳ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ከጽጌረዳዎቹ መካከል ተቀመጥኩ። ማታውን ሁለት እምቡጦች ፈንድተው ነበር፤ አንድ ቀይና አንድ ነጭ። ዓይኔን ሳልጨፍን እነሱን እጠብቅ ጀመር። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ምንም አልመጣም። የዓለምወርቅ በአጥሩ ቀዳዳ ሻይ አቀበለችኝ። «አበባ ትጠብቃለህ ወይስ ሙሽራ?» አለችኝ።

አራት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ማቃጠል ስትጀምር፣ ከወደ ግራሩ እንደ ንብ ያለ፣ ግን ወፈር ያለ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ነገር ጆሮዬን ገጭቶ አለፈና ነጩ አበባ ላይ ዱብ አለ። ጢንዚዛ ነበር፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል፣ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ዳር ዳሩን ቢጫ ጥለት የዞረው። ጭንቅላቱን ወደ አበባው ልብ ቀበረ። ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ ሌላም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነጩ አበባ ላይ ሰባት ሆኑ፤ እርስ በርስ እየተጋፉ፣ ቂጣቸውን ወደ ላይ አድርገው ይበላሉ። የሚያኝኩበት ድምፅ የሚሰማኝ መሰለኝ። እኩለ ቀን ላይ ነጩም ቀዩም እንደ ሌሎቹ ሆኑ።

አረንጓዴው ቅጠል ግን አልተነካም። አንዱም። ያን ጊዜ ሌሎቹን ግንዶች ሁሉ ዞሬ አየሁ። የሁሉም አበባ አልቋል፤ የሁሉም ቅጠል ደህና ነው። ፍየል ቢሆን የሚጀምረው ከቅጠሉና ከለጋው ጫፍ ነው፤ ዘንጉንም ሰብሮ ነው የሚሄደው። ይህን ማንም ያውቃል። እኔም አውቀው ነበር። ያን ማታ ቅጠሉ ዓይኔ ሥር እያለ አላየሁትም።

ከጢንዚዛዎቹ አራቱን በክብሪት ቀፎ ከትቼ ወደ የዓለምወርቅ ሻይ ቤት ሮጥኩ። ጀማሉዲን እዚያ ነበር። ጀማሉዲን የወሎ ሰው ነው። ከወንዙ አጠገብ ባለው የጥጥ እርሻ በየማሳው እየዞረ ተባይ ቆጥሮ ይመዘግባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ጣቢያው መጥቶ ሻይ ይጠጣል።

«ይኸው፣ ትል ቆጣሪው ዘንድ ደረስክ» አለችኝ የዓለምወርቅ። «እሱ ቆጥሮ ቆጥሮ አንድም ቀን አልቆለት አያውቅም።»

«ያንቺን ስኳር የሚበሉትን ዝንቦች ብቆጥር ነበር የማያልቅብኝ» አላትና የክብሪት ቀፎውን ከፈተ። ገና ከማየቱ ሳቀ። «ይኼንን የት አገኘኸው? ማሽላ ላይ ነው የማውቀው፤ እሸቱን ይመጥጠዋል። አበባና ጣፋጭ ይወዳል። ፀሐይ ሲሞቅ ይበላል፣ ሲመሽ አፈርና ጥላ ውስጥ ይደበቃል። ለዚያ ነው ማታ የማይታየው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከሚፈለፈልበት። እርጥብ ፍግ ይወዳል፣ ዛፍ ሥር ያለ። ነጭ ትል አይተህ አታውቅም? ወፍራም፣ ጥምዝ ያለ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ?»

የክብሪት ቀፎውን ተቀብዬ ዘጋሁት። አይቻለሁ። ሐምሌ ላይ ክምሩን ስቆፍር በብዛት አይቻለሁ። አፈር የሚያለሙ መስለውኝ ፀሐይ እንዳይነካቸው መልሼ ቀብሬአቸዋለሁ። ውኃም አጠጥቻቸዋለሁ።

አብረን ሄድን። ጀማሉዲን አካፋዬን ተቀብሎ ከግራሩ ሥር ያለውን ክምር ባንድ ጎኑ ገለበጠው። ነጫጮቹ ትሎች እንደ ተዘራ ባቄላ ተበተኑ። በመካከላቸው የእርግብ እንቁላል የሚያህሉ የጭቃ ድቡልቡሎች ነበሩ። አንዱን በጣቱ ሰበረው። ውስጡ ጢንዚዛ አለ፤ ገና ለስላሳ፣ ቢጫ ጥለቱ የደመቀ። እግሩን አወራጨ። ወደ ኋላዬ አፈገፈግኩ። የበሉብኝን እኔው ነበርኩ ያሳደግኳቸው።

«መርጨት አለብኝ?» አልኩት። «ዲዲቲ ይገኛል።»

«እንግዶቹ አበባ ሲሰጣቸው ምን የሚያደርጉ ይመስልሃል? ያሸቱታላ! ዲዲቲ አሽትተው እዚሁ ቢወድቁ ማንን ነው የሚይዙት?» አካፋውን መለሰልኝ። «በእጅህ ልቀማቸው። ጠዋት ብርድ ላይ ሳሉ መብረር አይችሉም፤ ዘንጉን ሳሙና የተበጠበጠበት ውኃ ላይ አራግፍ። ቀን ቀን የበሰበሰ ሙዝ በቆርቆሮ አድርገህ ከጽጌረዳው አርቀህ ስቀል፣ ወደዚያ ይሄዱልሃል። ክምሩን ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጣው።»

ለጣሃ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ክምሩም፣ ስለ አዋሽ አርባም፣ «ነው» ስላልኩበት ማታም ነገርኳቸው። ቃል በቃል መልሰው ደገሙልኝ። አንድም አልጨመሩም፤ ለእኔ ብለውም የቀነሱልኝ የለም። ሲደግሙት መስማት ከመናገሩ ይበልጥ ከበደኝ።

«አሁን ፍየሎቹን ለያዘው ሰው ንገረው» ብለው መኪና ፍለጋ ወጡ።

ጳጉሜን አንድ ቀን ኮሚቴው በዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ሲሰበሰብ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ስለ ሰልፍ፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ወንበር ተነጋገሩ። ሁለት ጊዜ እጄን ልሰቅል ሞክሬ መለስኩት። በሦስተኛው ተሰቀለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መናገር እፈልጋለሁ።»

«ማነው ያለው?» አለ ጓድ አማን። እኔ መሆኔን ሲያይ ተገረመ። «አበባው ደረሰ?»

ወደ ፊት ሄጄ አንዱን የጭቃ ድቡልቡል ቀይ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፍየሉ ነው» አልኩ። የድንጋጤ አነጋገር ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ድቡልቡሉን ሰበርኩት። ጢንዚዛው ወጥቶ ቀዩን ጨርቅ ይዞ ወደ ጓድ አማን መሄድ ጀመረ። ጓድ አማን እጁን ሰበሰበ። ሳቁ ቀጥ አለ።

ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ቅጠሉ ተናገርኩ። በጠጡን የበተንኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁለት ቀን እንዳልነበርኩ፣ ፍየል እንዳላየሁ ተናገርኩ። 

ጓድ አማን እርሳሱን አነሣ። «ክምሩ የማን ፍየሎች በጠጥ ነው?»

«የሀምዳ።»

«ይኸው! ዞሮ ዞሮ ያው ፍየሎቹ ናቸው!»

እንደገና ሳቅ ሆነ። እሱ ግን የምሩን ነበር።

«ያከማቸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ትሉን አይቼ መልሼ የቀበርኩትም እኔ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነማ አሻጥር ነው» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ማንም አይስቅም።  ጓድ አማን ጢንዚዛውን በእርሳስ ገፍቶ ከጠረጴዛው ጣለው።

«መስከረም አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ ሁለት ደህና ጽጌረዳ» አለ። «ካመጣህ ፍየሎቹ ይለቀቃሉ። ካላመጣህ ይታረዳሉ፣ አንተም ትጠየቃለህ። ጨርሰናል።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አትክልቱ በር ላይ ሀምዳ ቆማ ነበር። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም።

«ለአንተ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

ሥራውን አሳየኋት። እሷ የሳሙናውን ውኃ በሳሕን ትይዛለች፤ እኔ ዘንጉን ጎንበስ አድርጌ እመታዋለሁ። ብርድ የያዛቸው ጢንዚዛዎች እንደ ጠጠር ጠብ ጠብ ይላሉ። በመጀመሪያው ጠዋት አንድ መቶ ዐርባ ያዝን። የዓለምወርቅ ሳትሸጥ የበሰበሰባትን ሙዝ ሁሉ ሰጠችን፤ በዘይት ቆርቆሮ አድርገን ከሐዲዱ ወዲያ ባሉት ዛፎች ላይ ሰቀልነው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዎቹ በጢንዚዛ ይሞላሉ። ክምሩን አካፋ በአካፋ እያወጣሁ ሜዳ ላይ አሰጣሁት፤ ትሎቹን የሠፈሩ ዶሮዎች ጨረሷቸው።

በሦስተኛው ጠዋት ሀምዳ ሳሕኑን አየችና «የአንተ ፍየሎች ዛሬ አነሱ» አለች።

መሳቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም። እሷ ግን ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ ከፉርጎው ድምፅ ሲመጣ ሳቋ ጠፋ። አሁንም አያስጠጓትም ነበር። ወተታቸውን ጠባቂዎቹ እያለቡ ይጠጣሉ። እሷ የምታውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነው፤ ቆማ ስታዳምጥ አንድ በአንድ የምትለያቸው ይመስለኝ ነበር።

«ጆሮ ቆራጣዋ ሰሞኑን ዝም ብላለች» አለችኝ ጳጉሜን አምስት ቀን።

«ተኝታ ይሆናል» አልኳት።

መስከረም አንድ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ስድስት ጽጌረዳ ቆረጥኩ። አንዱም የተበሳ አልነበረም። በሁለት ባልዲ ውኃ ውስጥ አድርጌ ሀምዳን አስከትዬ ፉርጎው ዘንድ ሄድኩ። ጓድ አማን ከጠባቂዎቹ ጋር ይጠብቅ ነበር። አበቦቹን አንድ በአንድ አየ፣ አንዱን አሸተተ፣ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

«ክፈቱላት» አለ።

ሰንሰለቱ ተፈታ። በሩ እየጮኸ ተገፋ። ከውስጥ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ መለሰን። ፍየሎቹ አንድ በአንድ ዘለው ወረዱ፤ ከስተዋል፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወግቷቸዋል። ሀምዳ እያንዳንዷን በእጇ እየነካች ታሳልፋለች። ዘጠነኛዋ ወረደች። ሀምዳ በሩን እያየች ቆመች። ከዚያ ራሷ ወጥታ ወደ ውስጥ አየች።

«ሁለቱስ? ጆሮ ቆራጣዋስ?»

ጠባቂዎቹ ጓድ አማንን አዩት።

«ኮሚቴው ለዝግጅቱ ቀን ሙሉ ሲሠራ ነው የሚውለው» አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «ምሳ መብላት አለበት።»

«መቼ ነው?» አልኩ። እኔ ነኝ የተናገርኩት።

«ጳጉሜን ሁለት ቀን። ምን አስጨነቀህ? ዘጠኙ ይኸው።»

ጳጉሜን ሁለት ሀምዳ ሳሕን ይዛ ከአትክልቴ ውስጥ ጢንዚዛ የምትለቅምበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።  አልተበሉም ብዬ ቃል የገባሁላት የለም፤ ግን የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ሀምዳ አልጮኸችም። ከፉርጎው ወረደች። ጎንበስ ብላ ሁለቱን ትልልቅ ፍየሎች በቀንዳቸው ይዛ፣ በመካከላችን አልፋ፣ እየጎተተች ወደ ባልዲዎቹ ወሰደቻቸው። ማንም ምን እያደረገች እንደሆነ አልገባውም። እኔ ገባኝ።

«ሁለት በልታችኋል» አለች፤ ለቀቀቻቸውም።

ፍየሎቹ ስምንት ቀን ያላዩት አረንጓዴ ነገር ፊታቸው ነበር። ከቅጠሉ ጀመሩ። ከዚያ ዘንጉን ከነእሾሁ፣ ከዚያ አበባውን፣ ቀዩንም ነጩንም። ጓድ አማን አፉን ከፍቶ ቀረ። አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን አነሣና መልሶ አወረደው፤ በማን ላይ እንደሚያነጣጥር አላወቀም።

«ጉልላት!» ብሎ ጮኸ ጓድ አማን። «ባልዲውን አንሣ! ምን ትጠብቃለህ!»

ለዚህ ነገር ሦስት ሳምንት እንደምታሰር፣ ለእንግዶቹም ከአጥሩ ላይ የተቆረጠ ቡጌንቪላ እንደሚሰጥ በዚያን ሰዓት አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ደግሞ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።  ሄጄ የሁለተኛውን ባልዲ እጀታ ያዝኩ። ከሁለቱ ፍየሎች ነጯ ከሥር የቀሩት ጽጌረዳዎች ጋ መድረስ አቅቷታል፤ አንገቷን ሰድዳ ትሞክራለች።

ባልዲውን ዘንበል አደረግኩላት።